በአንድ ቤት ሁለት ራውተር

ቤታቸው ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች በርክተዋል። ለውጭ ድርጅት ሒሳብ የሚይዘው፣ በዙም የሚያስተምረው፣ ትርጉም የሚሠራው፣ የደንበኛ ጥያቄ የሚመልሰው ሁሉ እንጀራው የተንጠለጠለው የኢንተርኔት አቅራቢው መጥቶ ግድግዳ ላይ በሰቀለው ሳጥን ላይ ነው። ስብሰባ መሃል ምስሉ ሲደርቅ፣ ድምፁ ሲቆራረጥ፣ መኝታ ቤት ሲገቡ ዋይፋዩ ሲጠፋ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «የራስህን ራውተር ግዛ»። ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን ራውተሩ ተገዝቶ፣ ከአቅራቢው ሳጥን ጋር በገመድ ተያይዞ፣ ስምና ፓስወርድ ከወጣለት በኋላም ችግሩ ባለበት የሚቀጥልባቸው፣ አንዳንዴም ሌላ ችግር የሚጨመርባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ጥፋቱ በአብዛኛው የዕቃው አይደለም። ከሁለቱ ሳጥኖች የትኛው ኔትወርኩን እንደሚመራ ሳይወሰን መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ችግሩ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ይሁን ቤት ውስጥ በሚሰራጨው ዋይፋይ ላይ ይለዩ። ላፕቶፕዎን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከአቅራቢው ሳጥን ጋር ያገናኙ፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፤ የቤተሰቡ ስልክና ቴሌቪዥን ለጥቂት ደቂቃ ከመስመሩ እንዲወጡ ያድርጉ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ይለኩ። ላፕቶፑ የገመድ ማስገቢያ ከሌለው ስልክዎን ይዘው ሳጥኑ አጠገብ ቆመው ይለኩ። ቀጥለው ወደሚሠሩበት ክፍል ይግቡና በሩን ዘግተው፣ የሥራ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው በዋይፋይ ይድገሙት። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ፊልም በሚከፍትበት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይሞክሩት።

በገመድ ሲለካ የከፈሉበት ፍጥነት ከተገኘ፣ መኝታ ቤት ሲደርስ ግን ከቀነሰ፣ ራውተር ይረዳዎታል። በገመድም ያው ደካማ ከሆነ ግን የዓለም ምርጥ ራውተር ቢገዙ ለውጥ የለውም፤ መደወል ያለብዎት ለአቅራቢው ነው። ቁጥሩን ሲያነቡ አንድ ነገር ያስታውሱ። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋ መስመር ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ ከ1.25 ሜጋ ባይት በላይ አያሳይም። ብዙ ሰው «ተጭበረበርኩ» ብሎ የሚቆጣው በዚህ ልዩነት ነው። በቪዲዮ ስብሰባ የሚሠራ ሰው ደግሞ የማውረጃውን ብቻ ሳይሆን የመላኪያውን ቁጥርም ይመልከት፤ ፊትዎና ድምፅዎ ወደ ሌላው ሰው የሚሄዱት በመላኪያው ነው።

መስመርዎ ፋይበር ከሆነ ሳጥኑ ላይ ያሉትን መብራቶችም ይዩ። ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ በደንብ አልደረሰም ማለት ነው። ጥሪ ከማድረግዎ በፊት ከሳጥኑ ሥር የሚወጣውን ቀጭን ገመድ በዓይንዎ ይከተሉት። ከቡፌ ኋላ ተቆልምሞ፣ በበር ማጠፊያ ተጨፍልቆ ወይም በሚስማር ተወጥሮ ከተገኘ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ፋይበር ውስጡ የመስታወት ክር ነው፤ በጠባቡ ሲታጠፍ ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ያመልጣል። ቀስ ብለው ሰፋ ባለ ክብ ይልቀቁት። ጫፉን ነቅለው ግን አይጥረጉት፤ ወደ ዓይንዎም አያቅርቡት።

አሁን ወደ ሳጥኑ ውስጥ እንግባ። አቅራቢው የሚሰጠው ዕቃ ብዙ ሥራ በአንድ ላይ ይዟል። ከፋይበር የሚመጣውን ብርሃን፣ ወይም ከስልክ መስመር የሚመጣውን ምልክት፣ ኮምፒውተር ወደሚረዳው መልክ ይቀይራል። በተጠቃሚ ስምና በፓስወርድ ወደ አቅራቢው ይገባል። ከአቅራቢው የተቀበለውን አንድ አድራሻ ለቤቱ ሰው ሁሉ ያጋራል፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ የውስጥ አድራሻ ያድላል። በመጨረሻም ዋይፋይ ያሰራጫል። እርስዎ የሚገዙት ራውተር ከመጀመሪያው በስተቀር ይህን ሁሉ መሥራት ይችላል። ሁለቱን በገመድ ብቻ አገናኝተው ቢተዉአቸው አድራሻ የሚያድሉ፣ አድራሻ የሚቀይሩና ዋይፋይ የሚያሰራጩ ሁለት ዕቃዎች አንድ ቤት ውስጥ ይሆናሉ። ባለሙያዎች «ደብል ናት» የሚሉት ይህን ነው።

ደብል ናት ኢንተርኔት አያቋርጥም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሳያውቀው ለዓመታት አብሮት የሚኖረው። ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ቴሌግራም ይሠራል፣ ዙምም በአብዛኛው ይገባል። ችግሩ የሚታየው ከውጭ ወደ ቤት የሚገባ ነገር ሲኖር፣ ወይም ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ዕቃዎች ሲፈላለጉ ነው። የግቢውን የደኅንነት ካሜራ ከሥራ ቦታ ለማየት በራውተሩ ላይ በር ይከፈታል፤ ነገር ግን ጥያቄው ከውጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የአቅራቢውን ሳጥን ነው፤ ሳጥኑም ለማን እንደሚያስተላልፍ ስለማያውቅ ይጥለዋል። ፕሪንተሩ በአሮጌው ዋይፋይ ላይ ቀርቶ ላፕቶፑ ወደ አዲሱ ከገባ ላፕቶፑ ፕሪንተሩን ፈልጎ ያጣዋል። አንዳንድ የቪፒኤን ዓይነቶችም በዚህ ምክንያት ይቸገራሉ። አንድ ቤት ሁለት አባወራ ሲኖረው ልጆቹ ማንን እንደሚሰሙ ግራ እንደሚገባቸው ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ሁለቱም ዕቃዎች አንድ ዓይነት የውስጥ አድራሻ ይዘው ሲገኙ ነው። የዜድቲኢ ሳጥኖች በብዛት 192.168.1.1፣ የሁዋዌ የፋይበር ሳጥኖች በብዛት 192.168.100.1፣ የቲፒ-ሊንክ ራውተሮች በብዛት 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ይዘው ይወጣሉ። ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ ራውተሩ ወደ ውጭ የሚወስደውን መንገድ ከውስጡ መለየት ያቅተዋል፤ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ አንድም ገጽ አይከፈትም። አዳዲሶቹ ራውተሮች ይህን አይተው አድራሻቸውን ራሳቸው ይቀይራሉ፤ የቆዩት ግን አያደርጉትም። መፍትሔው ራውተሩን ከአቅራቢው ሳጥን ሳያገናኙ ሴቲንጉን ከፍተው የላን፣ ማለትም የውስጥ፣ አድራሻውን ለምሳሌ ወደ 192.168.50.1 መቀየር ነው። ይህን የሚያህል ትንሽ ነገር ነው «ራውተሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ሱቅ የሚያስመልሰው።

እንግዲህ አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል። ለአብዛኛው ቤት የምመክረው የአቅራቢው ሳጥን መሪ ሆኖ እንዲቀጥል፣ የእርስዎ ራውተር ደግሞ ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ ነው። ይህ አክሰስ ፖይንት ሞድ ይባላል። አቅራቢውን ማስፈቀድም ሆነ ማስቸገር አይጠይቅም፤ የቤቱ ዕቃ ሁሉ በአንድ ኔትወርክ ላይ ስለሚሆን ፕሪንተሩም ካሜራውም ቴሌቪዥኑም ይገናኛሉ። በራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሬሽን ሞድ» በሚለው ሥር ይገኛል። ሲመርጡት ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ከዚያ በኋላ አድራሻውን ከአቅራቢው ሳጥን ይቀበላል። ስለዚህ በድሮው አድራሻ ሴቲንጉን መክፈት ካልቻሉ አይደንግጡ፤ በአቅራቢው ሳጥን ላይ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አዲሱን አድራሻ ያገኙታል።

ራውተርዎ ይህ ምርጫ ከሌለውም በእጅ ይሠራል። መጀመሪያ የላን አድራሻውን ከአቅራቢው ሳጥን ጋር በአንድ መስመር ያለ፣ ማንም ያልያዘው ቁጥር ያድርጉት፤ ሳጥኑ 192.168.1.1 ከሆነ ራውተሩን 192.168.1.2 ማለት ነው። ቀጥለው ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ማለትም አድራሻ ማደሉን፣ ያጥፉ። በመጨረሻ ከአቅራቢው ሳጥን የሚመጣውን ገመድ ዋን በሚለው ሳይሆን ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩት። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ አድራሻውን ሳይቀይሩ ዲኤችሲፒውን ካጠፉ ወደ ሴቲንጉ ተመልሶ መግባት ያስቸግራል። ዋን የሚለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ የተለየና ለብቻው ገለል ያለ ነው፤ በዚህ አሠራር ባዶውን ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ብሪጅ ሞድ ነው። እዚህ የአቅራቢው ሳጥን ብርሃኑን ከመለወጥ በቀር ሌላውን ሥራ ሁሉ ይተዋል፤ ቤቱን የሚመራው የእርስዎ ራውተር ብቻ ይሆናል። ቪፒኤን የሚያስተናግድ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፍጥነት የሚመድብ፣ የቢሮ ሰርቨር ቤቱ ያስቀመጠ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው። ግን ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም። አቅራቢው ፒፒፒኦኢ የሚባለውን የመግቢያ ዘዴ የሚጠቀም ከሆነ የመስመርዎ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ በእጅዎ መኖር አለባቸው፤ እነሱን የሚሰጠው አቅራቢው ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ደውለው ወይም አገልግሎት ማዕከል ሄደው ይጠይቁ። አንዳንዴም መስመሩ የሚሄድበት የቪላን ቁጥር ይኖራል፤ እሱንም አብረው ይጠይቁ። የቤት ስልክዎ ከዚያው ሳጥን የሚወጣ ከሆነ ለውጡ ስልኩን እንዳያቋርጥ ለቴክኒሻኑ አስቀድመው ይንገሩ።

በብሪጅ ከሠሩ በኋላ አንዳንድ ገጾች ተከፍተው ሌሎቹ በግማሽ ከቆሙ ኤምቲዩ የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ ጥቅል ትልቁን መጠን፣ ይመልከቱ። መደበኛው መጠን 1500 ሲሆን ፒፒፒኦኢ ከዚያ ላይ 8 ስለሚወስድ ትክክለኛው 1492 ነው። ብዙ ራውተሮች በራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ያላስተካከለ ካጋጠመዎት ግን ይህ ቁጥር ሲቀየር ያበሳጨው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታል።

በምንም ዓይነት ሙከራ ግን የአቅራቢውን ሳጥን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ አይጫኑ። ራውተርዎን ሪሴት ማድረግ እንደገና ከማስተካከል ሌላ ጉዳት የለውም። የአቅራቢው ሳጥን ግን በውስጡ የተሞላውን የመግቢያ ስም ሊያጠፋ ይችላል፤ ያኔ ቴክኒሻን እስኪመጣ ድረስ ያለ ኢንተርኔት ይቀመጣሉ። አጥፍቶ ማብራት ሌላ ነው፤ እሱ ችግር የለውም።

ለካሜራ ወይም ለሰርቨር ብለው ወደ ብሪጅ ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው አንድ ነገር ይፈትሹ። የመሪውን ዕቃ ሴቲንግ ከፍተው ከአቅራቢው የተሰጠውን የዋን አድራሻ ይመልከቱ፤ ከዚያ በቤቱ ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክዎ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ከሚሉት ድረ ገጾች አንዱን ይክፈቱ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ አድራሻው የእርስዎ ነው። የዋን አድራሻው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን አቅራቢው ራሱ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ እያጋራ ነው። የዓለም የአይፒ አድራሻ ክምችት የመጨረሻዎቹ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተከፋፍለው ስላለቁ አቅራቢዎች ይህን ያደርጋሉ። በሲም ካርድ በሚሠሩ የ4ጂና የ5ጂ የቤት ሳጥኖች ላይ በተለይ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ብሪጅ ቢያደርጉም ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ አይደርስዎትም። ወይ ቋሚ አድራሻ ከፍለው ይጠይቁ፣ ወይ በኩባንያው ሰርቨር በኩል በስልክ የሚታይ ካሜራ ይጠቀሙ።

አቅራቢው ብሪጅ አልፈቅድም ካለና ራውተርዎም መሪ እንዲሆን ከፈለጉ በመካከል ያለ መንገድ አለ። በአቅራቢው ሳጥን ላይ ለራውተርዎ የማይለወጥ የውስጥ አድራሻ ይመድቡለትና ዲኤምዜድ በሚለው ቦታ ያንን አድራሻ ይጻፉ። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ወደ ራውተርዎ ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ ማስገባትና መከልከል የራውተሩ ሥራ ይሆናል። ንጹሕ አሠራር ባይሆንም ያገለግላል።

እስካሁን ደብል ናትን እንደ ችግር ብቻ አነሣሁት። የሚጠቅምበት ቦታም አለ፤ ያም ዋይፋይ በሚጋሩ ግቢዎች ውስጥ ነው። አከራይ አንድ መስመር አስገብቶ ከተከራዮቹ ጋር ወጪውን መካፈል በከተማችን የተለመደ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አከራዩ በአቅራቢው ሳጥን ላይ ቀርቶ ለተከራዮች ሁለተኛ ራውተር ማውጣት ነው፤ «አሁን ተለያየን» ብሎም ያምናል። እውነታው ተቃራኒ ነው። ከኋላኛው፣ ማለትም ከሁለተኛው፣ ራውተር ሥር ያለ ሰው ወደ ፊተኛው ኔትወርክ መግባት ይችላል፤ ከፊተኛው ወደ ኋላኛው ግን በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ በዚያ አሠራር ተከራዩ የአከራዩን ካሜራ መቅጃ፣ ፕሪንተርና የተጋራ ፎልደር መድረስ ይችላል። መጠበቅ ያለበት ዕቃ ከኋላኛው ራውተር ሥር ይግባ፤ እንግዳና ተከራይ በፊተኛው ይጠቀሙ።

የደንበኛ ሒሳብ ወይም የሕመምተኛ መረጃ ቤቱ ይዞ የሚሠራ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ያው ደብል ናት ለእርስዎ ይጠቅማል። ከአከራዩ ሳጥን አንድ ገመድ ስበው የራስዎን ራውተር በዋን ቀዳዳው ይሰኩ፤ ሞዱን እንዳለ ይተዉት። የግቢው ሰው ሁሉ የአከራዩን ፓስወርድ ቢያውቅ፣ የአንዱ ስልክ ቫይረስ ቢይዘው እንኳ፣ ላፕቶፕዎ በሌላ ግድግዳ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ የሚልኩት ግን በአከራዩ ሳጥን በኩል እንደሚያልፍ አይርሱ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቪፒኤን ከሰጠዎት ሁልጊዜ ያብሩት። ገመድ መሳብ ካልተፈቀደ ራውተሩ የአከራዩን ዋይፋይ ተቀብሎ የራሱን እንዲያሰራጭ የሚያደርግ ምርጫ በብዙ ራውተሮች ላይ አለ። በአንዱ ባንድ (2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ) ተቀብሎ በሌላው እንዲያሰራጭ ያድርጉት፤ በአንድ ባንድ ሁለቱንም ካደረገ ፍጥነቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል።

አክሰስ ፖይንትም ይሁን ብሪጅ፣ ዋናው ትርፍ የሚገኘው ራውተሩን ወደሚሠሩበት ቦታ በማቅረብ ነው። የአቅራቢው ቴክኒሻን ሳጥኑን የሰቀለው ገመዱ በገባበት ጥግ ነው፤ ከዚያ እስከ ሥራ ጠረጴዛዎ ሁለት የኮንክሪት ግድግዳ ሊኖር ይችላል። አዲሱን ራውተር እዚያው ከሳጥኑ አናት ላይ ካስቀመጡት የሚያገኙት ጥቂት ነው። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል ጽሑፍ ያለበት ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋ ያደርሳል፤ ስምንቱም የውስጥ ሽቦዎች መታሰራቸውን ግን ያስተውሉ። ገመዱን ለመቆጠብ አራቱን ብቻ የሚያስሩ አሉ፤ ያኔ ከ100 ሜጋ አያልፍም። ራውተሩን ከፍ ባለና ገላጣ ቦታ ያስቀምጡ። ከፍሪጅ ኋላ፣ ከትልቅ መስታወት አጠገብ፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አይሆንም።

5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ ርቆ ይሄዳል፤ ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ በእሱ ላይ ስለሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይጨናነቃል። ለሥራ ላፕቶፑ 5ቱን ይስጡ። በ2.4 ላይ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ጎረቤት ብዙም ያልያዘውን ይምረጡ፤ በመካከላቸው ያሉት ከግራና ከቀኝ ይረበሻሉ። የአቅራቢውን ሳጥን ዋይፋይ ካላስፈለገዎት ያጥፉት፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲጮኹ ይጎዳዳሉ። ጠረጴዛዎ ራውተሩ አጠገብ ከሆነ ግን ዋይፋዩን ሁሉ ይርሱትና ላፕቶፑን በገመድ ያገናኙት። ለስብሰባ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

መብራት ሲሄድ ሁለቱም ሳጥኖች ኃይል እንደሚፈልጉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከጠፋ በኋላ ነው። ወደ ቤት በሚገባው ፋይበር መንገድ ላይ ብርሃኑን የሚከፋፍሉት ዕቃዎች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም፤ አቅራቢው ጣቢያው ላይ ኃይል ካለው፣ እርስዎም ሳጥንዎን ካበሩ፣ ሰፈሩ ጨለማ ውስጥ እያለ መሥራት ይችላሉ። ለዚህ ለራውተር ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ባለ ባትሪ ዩፒኤሶች በቂ ናቸው። ሲገዙ የሁለቱንም ሳጥኖች ቻርጀር ገልብጠው ያንብቡ። ቮልቱ በትክክል መግጠም አለበት፤ 12 ለሚለው 9 አይሆንም፣ 9 ለሚለውም 12 መስጠት ሊያቃጥለው ይችላል። አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ችግር የለውም። የሁለቱን አምፔር ደምረው ዩፒኤሱ መቻሉን ያረጋግጡ።

ዘመድ ከውጭ ሀገር ራውተር ሲልክ ደግሞ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ቻርጀሩ ነው፤ ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለ በእኛ 220 ላይ አይሰኩት። ሁለተኛው የዕቃው ዓይነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የኬብል ኢንተርኔት አቅራቢዎች የሚያከራዩት ሳጥን ለኬብል ቴሌቪዥን መስመር የተሠራ ስለሆነ እዚህ በሞደምነት አያገለግልም። የሚጠቅመው የዋን የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ተራ ራውተር ነው። በውጭ ሀገር ለሚኖሩት አንባቢዎችም የሚጠቅም ነገር ላንሣ፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ አቅራቢው ደንበኛው በራሱ ላቀረበው ዕቃ ኪራይ ማስከፈል አይችልም፤ በጀርመንም ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ደንበኛው የራሱን ራውተር የመምረጥ መብት በሕግ ተረጋግጦለታል። በየወሩ ሒሳብ ላይ የሳጥን ኪራይ የሚከፍሉ ከሆነ ደረሰኙን አውጥተው ይመልከቱት።

እዚህ ሲገዙ ሻጩ በአንቴናው ብዛት እንዳያሳምንዎት። የሚጠይቁት ሁለት ባንድ መሆኑን፣ የገመድ ቀዳዳዎቹ አንድ ጊጋ መሆናቸውን፣ አክሰስ ፖይንት ሞድ እንዳለው፣ አምራቹም አሁን ድረስ ማሻሻያ ሶፍትዌር የሚያወጣለት መሆኑን ነው። ርካሾቹ ካርቶናቸው ላይ ትልቅ ቁጥር ጽፈው ቀዳዳቸው 100 ሜጋ ላይ የሚቆም ይሆናል፤ መስመርዎ ከዚያ በታች ከሆነ ግን አያሳስብዎትም፤ ለማይጠቀሙበት ፍጥነት አይክፈሉ።

የመጨረሻውን ማሻሻያ ይጫኑበት፤ የሴቲንግ መግቢያ ፓስወርዱንም የገዙ ዕለት ይቀይሩት። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ብዙ ቤት ሳይነካ የሚቀረውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ራውተሮችንና ካሜራዎችን የያዘው ከፋብሪካ ይዘው የወጡትን ስድሳ ያህል የስምና የፓስወርድ ጥንዶች በመሞከር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዝርያው ባደረሰው ጥቃት ጀርመን ውስጥ 900,000 ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች መስመራቸው ተቋርጧል፤ ያኔ ጥቃቱ የመጣው ከርቀት ለማስተዳደር በተከፈተ በር በኩል ነው። ስለዚህ በራውተርዎ ላይ ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉ። በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስም ያጥፉ፤ መቆለፊያውን ደብሊውፒኤ2 ወይም ካለው ደብሊውፒኤ3 ያድርጉት።

ሥራው ሲያልቅ የሁለቱንም ሳጥኖች አድራሻ፣ የትኛው መሪ እንደሆነ፣ ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳና የሠሩበትን ቀን ጽፈው ከራውተሩ ሥር ይለጥፉ። ፓስወርዶቹን ግን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። በኋላ መስመሩ ሲደክም አቅራቢው ጋ ከመደወልዎ በፊት ራውተርዎን ነቅለው ላፕቶፑን በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙና ይለኩ። በብሪጅ ከሆነ የመግቢያ ስሙን ላፕቶፑ ላይ መሙላት ይኖርብዎታል። በቀጥታም ደካማ ከሆነ የለኩበትን ሰዓትና ቁጥር ይዘው ይደውሉ፤ «የራሴን ራውተር ነቅዬ በገመድ ለክቻለሁ» ብለው ከጀመሩ «መጀመሪያ ራውተርዎን ይንቀሉ» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእጅዎ ነው፤ ወደ መስመሩ ፍተሻም በቶሎ ይገባሉ።